ጣቶቿ የታመሙባት የክሪስታል ሊቅ

የበላችሁትን የሥጋም ሆነ የሽሮ ፕሮቲን ጨጓራ ውስጥ እንደ መቀስ የሚቆራርጥ ፔፕሲን የሚባል ኢንዛይም አለ። የዚህ ዓይነቱ መቀስ ቅርጽ እንዲታይ መንገድ ከጠረጉት አንዷ ዶሮቲ ሆጅኪን ናት። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከእንግሊዛውያን ወላጆች በ1910 ካይሮ ተወለደች። ክሪስታል ማሳደግ የጀመረችው ገና በልጅነቷ ነው። ኦክስፎርድ ኬሚስትሪ ተምራ ካምብሪጅ ከጆን ዴዝሞንድ በርናል ጋር መሥራት ጀመረች።

በ1934 ከስዊድን የፔፕሲን ክሪስታሎች መጡላቸው። በርናል አንዱን አውጥቶ ኤክስሬይ ቢያነሳው የረባ ነገር አልታየም። ለካ ክሪስታሉ ከፈሳሹ ሲወጣ ደርቆ ይበላሻል! ከነፈሳሹ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከትቶ ደገመው። አሁን ፊልሙ ላይ ነጠብጣቦች በሥርዓት ተደርድረው ታዩ። ፕሮቲን ዝም ብሎ የተዝረከረከ ነገር አይደለም፣ የራሱ ቅርጽ አለው ማለት ነው።

ያን ቀን ዶሮቲ የት ነበረች? ለንደን፣ ሐኪም ዘንድ። ገና 24 ዓመቷ ሳለ የእጆቿ መገጣጠሚያ ማበጥና ማመም ጀምሮ ነበር፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። ተመልሳ ሥራውን ቀጠለች፣ ውጤቱም በሁለቱም ስም ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ።

ነጠብጣብ ማየት ግን ገና ጅማሬው ነው። እያንዳንዱ አተም የት እንዳለ ለማወቅ ማለቂያ የሌለው ስሌት ይጠይቃል። በተጣመሙ ጣቶቿ ደቃቃ ክሪስታሎችን እያነሳች የፔኒሲሊንን ቅርጽ በ1945፣ የቫይታሚን ቢ12ን በ1950ዎቹ አወቀች። ኢንሱሊን ግን 34 ዓመት ፈጀባት፤ ከ1935 እስከ 1969!

በ1964 የኬሚስትሪ ኖቤልን ለብቻዋ ስታሸንፍ ባሏ የሚሠራበት ጋና ነበረች። አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ዜናውን ሲያወጣ ያስቀደመው የቤት እመቤትነቷን ነው፤ ይገርማል።

የፔፕሲን ዘመድ የሆነ ካቴፕሲን ዲ የሚባል ኢንዛይም በሰው ሴል ውስጥ አለ። በብዙ የጡት ካንሰር ዕጢዎች ላይ በዝቶ ስለሚገኝ ተመራማሪዎች ይከታተሉታል። መቀሱን የሚያግድ መድኃኒት ለመንደፍ ስለቱ የት ጋ እንዳለ ማየት ያስፈልጋላ! የካቴፕሲን ዲ የክሪስታል ቅርጽ በ1993 ታተመ፣ በዚያው በኤክስሬይ ዘዴ። በዚያ ዓመት ዶሮቲ በተሽከርካሪ ወንበር ሆና ለክሪስታል ተመራማሪዎች ጉባኤ ቤጂንግ ድረስ ሄዳ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ወር በ84 ዓመቷ አረፈች።