መምህር ጌኦርግ ኦምና አልጸና ያለው ኮረንቲ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን የአንድ መምህር የሕይወት ታሪክ ለማቅረብ የተነሣሁት፣ የእርሱ ጥበብ እኔን ከኀፍረት ስላዳነኝ ነው።

አባቴ በመርካቶ ሸማ ተራ ሸማ ይሸጣሉ። እኔም ከሱቁ በስተጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል የድምፅ ማጉያ እሠራ ነበር። ለወላጆች ቀን እንደማደርሰው ለመምህሬ ቃል ገብቻለሁ፤ ዕቃውንም የገዙልኝ አባቴ ናቸው። ነገር ግን ድምፁ ከፍ ሲል ቮልቱ ይወርዳል፤ ዘፈኑም ይቆራረጣል። ካፓሲተሩን ለወጥሁ፤ ዳዮዶቹን ለወጥሁ፤ አልተሻለውም። በዓሉ 4 ቀን ሲቀረው የኦምን ታሪክ አነበብሁ።

ጌኦርግ ሲሞን ኦም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1789 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበሩ፤ ሒሳብን በራሳቸው ጥረት አጥንተው ልጆቻቸውን ያስተምሩ ነበር። ኦም በ1817 በኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆነ። በዚያም የሽቦ ርዝመት የኮረንቲን ፍሰት ምን ያህል እንደሚቀንስ መመርመር ጀመረ።

ችግሩ የዚያ ዘመን ባትሪ ነበር። ገና ሲያገናኙት ይበረታል፤ ወዲያው ይደክማል። ስለዚህ ፍሰቱ ሲያንስ ምክንያቱ ሽቦው ይሁን ባትሪው መለየት አስቸገረ፤ በ1825 ያሳተመውም ቀመር ስሕተት ሆነ። የሳይንስ መጽሔት አዘጋጁ ፖገንዶርፍ ግን በሙቀት ልዩነት ኮረንቲ የሚሰጥ ምንጭ እንዲሞክር መከረው። ኦምም ቢስሙትንና መዳብን አጋጥሞ፣ አንዱን መጋጠሚያ በፈላ ውሃ፣ ሁለተኛውን በበረዶ አኖረ። የሁለቱ ሙቀት ስለማይለዋወጥ ምንጩ ጸና። ከዚያም ውፍረታቸው እኩል፣ ርዝመታቸው የተለያየ 8 የመዳብ ሽቦዎችን በየተራ ለካ። በ1826 ሕጉን አገኘ፤ ይኸውም ፍሰቱ ቮልቱ ሲጨምር ይጨምራል፤ የሽቦው እንቅፋት፣ ማለት ሬዚስታንሱ፣ ሲጨምር ይቀንሳል።

በ1827 መጽሐፉን ቢያሳትምም ብዙዎች አልተቀበሉትም። የተመኘውን የዩኒቨርሲቲ ሥራ አላገኘም፤ የኮሎኙንም ለቀቀ። ሆኖም በ1841 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊን ሜዳልያ ሸለመው። በ1852 በሙኒክ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1854 በ65 ዓመቱ ዐረፈ። ዛሬ የሬዚስታንስ መለኪያ በስሙ ይጠራል።

እኔም እንደ እርሱ የሚለዋወጠውን ነገር፣ ማለት ዘፈኑን፣ አስወገድሁ። በማጉያው ቦታ ሙቀት የሚችል የ10 ኦም ሬዚስተር አገናኘሁ። ከኃይል ሰጪው ጫፍ ላይ 12 ቮልት፣ ከሬዚስተሩ ጫፍ ላይ ግን 10 ቮልት አነበብሁ። 10 ቮልት ለ10 ኦም ሲካፈል 1 አምፔር ነው። በመንገድ የጠፋው 2 ቮልት ለ1 አምፔር ሲካፈል 2 ኦም ይሆናል። አጭር ሽቦ ይህን ያህል ሊኖረው አይገባም። መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለካ አንድ በደንብ ያልተበየደ መጋጠሚያ አገኘሁ። የበየድሁትም እኔው ነበርሁ! ከኮረንቲ ነቅዬ እንደ ገና ስበይደው ቮልቱ ጸና።

ነገሩን ለአባቴ ስነግራቸው አልተደነቁም። ሸማ የሚለካ ሰው ክንዱ አንዴ ቢረዝም አንዴ ቢያጥር፣ ጨርቁን ሊወቅስ እንደማይችል ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል።

በወላጆች ቀን ማጉያው ንግግሩን ሁሉ ሳያቆራርጥ አሰማ፤ አባቴም ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠው አዳመጡ። እንግዲህ ጓደኞቼ፤ አንድ ነገር ሲበላሽብን መለዋወጫ ለመግዛት ከመቸኮል አስቀድመን የማይናወጥ መለኪያ እንያዝ፤ ከዚያም አንድ በአንድ እንመርምር።