መዶሻ ይዞ መቅደላ የወጣው እንግሊዛዊ

የመቅደላ ነገር ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የዐፄ ቴዎድሮስን ሽጉጥ፣ የልዑል ዓለማየሁን ዕጣና የተዘረፉትን ብራናዎች ነው። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ከዚያው ጦር ጋር መዶሻ ይዞ ስለመጣው ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ ነው።

ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1832 ለንደን ተወለደ። በ1855 በህንድ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ሥራ ጀመረ። ከወንድሙ ከሄንሪ ጋር ሆኖም ኦሪሳ ውስጥ ታልቺር በተባለ ቦታ ያለው ጥንታዊ የድንጋይ ክምችት በበረዶ ግግር የመጣ መሆኑን አስረዳ። ሞቃቷ ህንድ አንድ ወቅት በረዶ ነበረባት ማለት በዚያ ዘመን ትልቅ ድፍረት ነበር። የዴካንን የእሳተ ገሞራ አለትም አጥንቷል።

ጄኔራል ናፒየር ሲዘምት ብላንፎርድ በጂኦሎጂስትነት አብሮ ተመደበ። ለወታደሩ ገደሉ እንቅፋት ነበር፤ ለእሱ ግን የታሪክ መዝገብ። ከታች የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ባሕር ያስቀመጠው የኖራ ድንጋይ፣ ከሁሉም በላይ ገሞራ የደራረበው አለት። የመጀመሪያውን በአዲግራት፣ ሁለተኛውን በአንታሎ ሰየመ። ገሞራውን ደግሞ ለሁለት ከፍሎ የቆየውንና ያዘመመውን ሐሸንጌ፣ በላዩ ያረፈውን መቅደላ አለው። ዛሬ እንደሚታወቀው ደጋችንን ካለበሰው ከዚህ ገሞራ አብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ንጉሡ የተማመኑበት አምባ ራሱ የገሞራ ሥራ ነበር። ንብርብሩ አለት በወንዞች ሲሸረሸር ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ ሆነ። መቅደላ በሚያዝያ 1868 ስትወድቅ ግን ገደሉ መድፉን አልመለሰም።

ብላንፎርድ ያየውን በ1870 በመጽሐፍ አሳተመ። በኋላም የለንደን ጂኦሎጂ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1905 በለንደን አረፈ። በስሙ የሚጠራ ቀበሮም አለ።

ሰውየው የመጣው ከወራሪ ጦር ጋር ነውና ላወድሰው አልቸኩልም። ሆኖም የአዲግራትና የአንታሎ ስም እስከ ዛሬ በጂኦሎጂ መጻሕፍት የሚነበበው በእሱ ብዕር ነው። ብራናዎቹ ይመለሱ ብለን እንደምንጠይቅ ሁሉ፣ በተራሮቻችን ላይ የተጻፈውንም ለልጆቻችን ብናስነብብ ምን ይለናል?