ራስ ዳርጌ፦ የንጉሥ ልጅ፣ የንጉሥ ወንድም፣ የንጉሥ አጎት

በዚህ ግድግዳ ላይ የታወቁ ሰዎች ታሪክ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ከሩቅ አገር ይመጣል። የዛሬው ግን ከደጃፋችን ነው። ከአሰላ ወደ ሳጉሬ፣ ከሳጉሬም ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉ ሽማግሌዎች ዘንድ የራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴን ስም የሰማ አይጠፋም። በንጉሡ ዘመን እንዲያውም አሰላ ላይ በስማቸው የሚጠራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ታዲያ ሰውየው ማን ነበሩ? ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ የምኒልክ አጎት ይባላል፤ ወይ አርሲን የወጋ ይባላል። ሁለቱም ልክ ነው። ነገር ግን አንደኛውን የሚነግረን ሰው ሁለተኛውን ይዘለዋል፤ ሁለተኛውን የሚነግረን ደግሞ አንደኛውን መስማት አይፈልግም። ነገ ክፍል ገብተን ጠመኔ ስንይዝ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ ቢጠይቀን ግማሹን ብቻ መንገር የለብንምና እንደምንም ሁለቱን አንድ ላይ ለማቅረብ ሞክሬያለሁ።

ከዘር እንጀምር። ለምን ቢሉ፣ የዚያን ዘመን መኳንንት ታሪክ ያለ ዘር ቆጠራ አይገባም። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተለያዩ እናቶች ብዙ ልጆች ወልደዋል። ከወንዶቹ አልጋ ወራሹ ኃይለ መለኮት ነበሩ፤ ሰይፉ፣ ኃይለ ሚካኤልና ዳርጌም ይቆጠራሉ። ከሴቶቹ ደግሞ የወይዘሮ ተናኘወርቅን ስም አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እንመለስበታለን። ዳርጌ የተወለዱት በ1820ዎቹ ግድም ሲሆን ከኃይለ መለኮት ጋር በአባት እንጂ በእናት አይገናኙም።

የንጉሥ ወንድም መሆን በዚያ ጊዜ የሚያስቀና ነገር አልነበረም። ሸዋ ላይ አንዱ ሲነግሥ የቀሩትን ወንድሞች ጎንቾ በሚባል አምባ ማሰር የቆየ ልማድ ነበር። ወንድም ማለት ነገ አልጋ ሊጠይቅ የሚችል ሰው ነዋ! በሌላው ዓለምም ይኸው ጣጣ ነበር። የፈረንሳይ ነገሥታት በመካከለኛው ዘመን ታናናሽ ልጆቻቸውን ሰፊ ግዛት እየሰጡ ዝም ለማሰኘት ይሞክሩ ነበር። ንጉሥ ዮሐንስ ሁለተኛ በ1363 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የቡርጎኝን ግዛት ለታናሽ ልጁ ለፊሊፕ ሰጠ። የዚያ ልጅ የልጅ ልጅ ግን ከእንግሊዞች ጋር ሆኖ የፈረንሳይን ዙፋን አስጨነቀ። እንግዲህ ወንድምን ማሰርም ሆነ መሾም የየራሱ አደጋ አለው ማለት ነው።

ዳርጌን ያሰራቸው ግን ወንድማቸው ሳይሆን የቋራው ካሣ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ ሸዋ ሲገቡ ኃይለ መለኮት ታመው ሞቱ። መኳንንቱ የአሥራ አንድ ዓመቱን ልጅ ምኒልክን ይዘው በረከት በተባለ ቦታ ተዋጉና ተሸነፉ። ሕፃኑ ተማረከ፤ አጎቱ ዳርጌም ተማረኩ። ቴዎድሮስ ሸዋን ለሌላው ወንድም ለኃይለ ሚካኤል ሰጥተው ተመለሱ። ሰይፉ ግን አልገብርም ብለው ሸፈቱ። ከአንድ አባት የተወለዱ ሰዎች አንዱ ሞተ፣ አንዱ ተሾመ፣ አንዱ ሸፈተ፣ አንዱ ታሰረ። ይህን ቤተሰብ የማውቀው ያህል የተሰማኝ እዚህ ላይ ነው።

መቅደላ ላይ አጎትና የወንድም ልጅ አብረው ኖሩ። ምኒልክ እዚያው አደገ፤ ቴዎድሮስም እንደ ልጃቸው አይተው ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩለት። በ1857 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ግን ወጣቱ በሌሊት ከአምባው አምልጦ ወሎን አቋርጦ ሸዋ ገባ። ሚስቱንም ትቶ ነው የሄደው። የወሎዋ ንግሥት ወርቂት አሳለፈችው። ቴዎድሮስ ይህን ሲያዩ መቅደላ ላይ በመያዣ የነበረውን የወርቂትን ልጅ አስገደሉ። ዳርጌ በዚያ ሰዓት እዚያው አምባ ላይ ነበሩ። የሸሸው ልጅ አጎት ናቸው፤ በንጉሡ እጅ ናቸው፤ የሌላው ሰው ልጅ በዚሁ ጉዳይ ሲሞት አይተዋል። በሕይወት መትረፋቸው የሚያስገርም ነው። ከዚያም በኋላ ወደ ሦስት ዓመት ገደማ እስረኛ ሆነው ቆዩ። ነፃ የወጡት በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ በፋሲካ ማግስት ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገድለው እንግሊዞች አምባውን ሲይዙ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ የወጣትነት ዕድሜ እዚያ ቀርቷል።

ሸዋ ሲገቡ የወንድማቸው ልጅ ንጉሥ ሆኖ ቆያቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠብቀው ነገር አለ፤ አጎትየው እኔ እበልጣለሁ ይላል ብሎ። ሌሎቹ ዘመዶች ብለውታል እኮ! የሰይፉ ልጅ መሸሻ ሰይፉ በ1860ዎቹ መጨረሻ በምኒልክ ላይ ተነሥቶ ነበር። ዳርጌ ግን አልተነሡም። ምክንያቱን ልባቸውን ከፍቶ ያየ የለም፤ ውጤቱ ግን ይታወቃል። ምኒልክ ራስ አሏቸው፤ ሰላሌንና መርሐ ቤቴን ሰጧቸው፤ በምክር ቤት ቀዳሚ ቦታ አገኙ። የንጉሥ ወንድም ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት ጎንቾ ነበር የሚጠብቃቸው። አጎት በመሆናቸው ግን እንደ አባት ተከበሩ። በእኔ አስተያየት የሕይወታቸው ቁልፍ ይኸ ነው፤ የገዛ ዘመዳቸውን አልጋ ባለመመኘታቸው የሌላውን ሰው አገር አገኙ።

ያ የሌላ ሰው አገር ደግሞ ይህ አሁን የቆምንበት ነው። ወደ አርሲ የተደረገው ዘመቻ ከ1874 እስከ 1878 ዓ.ም. ድረስ የቆየ ነው። ምኒልክ በደቡብ ካካሄዷቸው ዘመቻዎች መካከል እንደ አርሲው የከበዳቸው ጥቂት ነው። አርሲ እንደ ሸዋ በአንድ ንጉሥ የሚተዳደር ሕዝብ አልነበረም። ሲኮና መንዶ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ጎሣዎች ሥር በገዳ ሥርዓት የሚኖር ነበር። ስለዚህ አንዱን መሪ ማርኮ አገሩን ሁሉ ማስገበር አይቻልም። ሕዝቡ በፈረስ፣ በጦርና በጋሻ ነው የተዋጋው። የሳጉሬን ፈረሰኛ ዳገት ላይ ሲጋልብ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ሌንጂሶ ዲጋን የመሳሰሉ የጦር መሪዎች ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል። ምኒልክ ራሳቸው ባደረጉት ዘመቻ ላይ ለጥቂት ነው ከሞት የተረፉት። ከዚህ በኋላ ነው ሥራው በአጎትየው እጅ የወደቀው።

ራስ ዳርጌ በያዙት ቦታ ሁሉ ሠራዊት እያሰፈሩ ወደፊት ገፉ። የመጨረሻው ትልቅ ጦርነት አዙሌ ላይ በ1878 ዓ.ም. ጳጉሜን ወር ተደረገ። በአንድ በኩል ጦርና ፈረስ፣ በሌላ በኩል ከባሕር ማዶ የመጣ ጠመንጃ። አርሲዎች ድፍረት አንሷቸው አልተሸነፉም። ልዩነቱ የመሣሪያ ነው፤ ይህንን የታሪክ ሊቃውንትም ይሉታል። በአንድ ቀን የወደቀው ሰው ብዛት የከበደ ነበር። ዐውደ ዓመት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ማለት ነው።

ስለ አኖሌም ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። በዚያ ዘመቻ ወቅት አኖሌ ላይ የወንዶች እጅና የሴቶች ጡት ተቆረጠ ብለው የአርሲ ሽማግሌዎች ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሱ ኖረዋል። በ2006 ዓ.ም. ሄጦሳ ወረዳ ውስጥ ለዚሁ መታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። ነገሩ ላይ ጸሐፊዎች አልተስማሙም፤ የጽሑፍ ማስረጃ ይቅረብ የሚል አለ፤ በቃል የተላለፈ ታሪክ ማስረጃ አይደለም ወይ የሚልም አለ። ክርክሩን እዚህ ግድግዳ ላይ አልጨርሰውም። ነገር ግን ከሽማግሌ አፍ የሰማነውን ታሪክ መጽሐፍ ላይ ስላላየነው ብቻ ተረት ነው ብሎ መጣል፣ መምህር ለሚሆን ሰው የሚያምር አይመስለኝም።

ከድል በኋላ ምን ሆነ? አገሩ በራስ ዳርጌ ሥር ገባ። ቲቾን የመሳሰሉ ከተሞች የገዥዎች መቀመጫ ሆኑ፤ አሰላ ዋና ከተማ የሆነችው ዘግይታ ነው። መሬቱም ለወታደሩ፣ ለመኳንንቱና ለቤተ ክህነት ተከፋፈለ። ትናንት በሜዳው ከብቱን ያሰማራ የነበረ ሰው ገባር ተባለ፤ ኋላም ጭሰኛ ተባለ። ልጁም የልጅ ልጁም በአባቱ መሬት ላይ ለሌላ ሰው አረሰ። ዳርጌን የሚያሞግሱ ሰዎች ይህን አይጽፉም። ለቤተሰባቸው የበጁት አጎት ለጭላሎ ሰው ግን አጎት አልነበሩም።

በ1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ ዳርጌ ስድሳ ዓመት እየሞላቸው ነበር። ስድስት ዓመት ቆይቶ ለአድዋ ሲዘመት ሽማግሌው ከኋላ ቀርተው ሸዋን እንዲጠብቁ ተደረገ። አልጋን ለዘመድ አምኖ መሄድ በዚያ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ግን ልብ በሉ! በዚያው ዓመት የዳርጌ የገዛ ልጅ በጠላት እጅ ነበር። ልጅ ጉግሳ ዳርጌ ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ከተላኩት ጥቂት ወጣቶች አንዱ ነበር። ከእሱ ጋር የሄደው ሌላው ሰው ኋላ ጦቢያን የጻፈው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው። ጣሊያኖች ወጣቶቹን አግባብተው ወሰዷቸው። ጉግሳን የፈለጉት ለዕውቀቱ አልነበረም። የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ነው፤ ለምኒልክም የአጎት ልጅ ነው። ምኒልክ ቢሸነፉ በአልጋው የሚያስቀምጡት ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። አባት ዙፋኑን ይጠብቃል፣ ልጁ ለዚያው ዙፋን በባዕድ እጅ ይታጫል። አድዋ ላይ ድሉ የኢትዮጵያ ስለሆነ ነገሩ ከሐሳብ አላለፈም።

ራስ ዳርጌ በ1892 ዓ.ም. አረፉ።

ዘራቸው ግን ገና ነው። ልጃቸው ወይዘሮ ትሰሜ ከላስታው መስፍን ከደጃዝማች ኃይሉ ካሣን ወለዱ። እኒህ ናቸው ኋላ ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ የተባሉት፤ ሰላሌም የተላለፈው ለእሳቸው ነው። በፊት ያዙልኝ ያልኳችሁ ተናኘወርቅ ደግሞ የራስ መኰንን እናት ናቸው። እንግዲህ በጣታችሁ ቁጠሩ። ከሣህለ ሥላሴ ኃይለ መለኮት፣ ከኃይለ መለኮት ምኒልክ፣ ከምኒልክ ዘውዲቱ። ከሣህለ ሥላሴ ተናኘወርቅ፣ ከተናኘወርቅ መኰንን፣ ከመኰንን ተፈሪ። ከሣህለ ሥላሴ ዳርጌ፣ ከዳርጌ ትሰሜ፣ ከትሰሜ ካሣ። ሦስቱም በእኩል ደረጃ የአንድ ንጉሥ የልጅ ልጅ ልጆች ናቸው። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲወርዱ ዘውዲቱ ነገሡ፤ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ካሣ ለአልጋው ከተፈሪ የሚያንስ ዘር አልነበራቸውም። ሆኖም እንደ አያታቸው አልጠየቁም። እንደ አያታቸውም የንጉሡ የቅርብ ሰው ሆነው ኖሩ።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. ራስ ካሣ በሰሜን ግንባር ተምቤን ላይ ጦር መርተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። ልጆቻቸው አገር ውስጥ ቀርተው ጠላትን ተዋጉ። አበራና አስፋወሰን አትነኩም የሚል የጣሊያን ተስፋ አምነው ከገቡ በኋላ በ1929 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ በአያት ቅድመ አያታቸው ግዛት በፍቼ ተገደሉ። ወንድማቸው ወንድወሰንም በዚያው ወር በላስታ በኩል ተገደለ። ራስ ካሣ ከስደት ሲመለሱ ከወንዶች ልጆቻቸው የተረፈላቸው አስራተ ነበር። እሳቸው በ1949 ዓ.ም. ሞቱ። አስራተም ራስ ተብለው እስከ ንጉሡ ፍጻሜ ድረስ ከታላላቆቹ ሹማምንት አንዱ ሆነው ቆዩ።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ካስገደላቸው ስድሳ ያህል ሰዎች መካከል ራስ አስራተ ካሣ አንዱ ነበሩ። ከዚያ ሦስት ወር ከጥቂት ቀን በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ወጣ። የጭላሎ ጭሰኛ እርቦና ሲሶ መክፈሉን አቆመ። በአብዮቱ ዘመንም የአሰላው ትምህርት ቤት ስም ተቀየረ።