ኒልስ ፊንሰን፦ ራሱ ታማሚ የነበረው የብርሃን ሐኪም

በዚህ እትም የማስተዋውቃችሁ ሰው ሐበሻ አይደለም፤ ሥራው ግን እስከ ፌርፋክስ፣ እስከ እኛ ቤት ደርሷል።

ኒልስ ፊንሰን እ.ኤ.አ. በ1860 በፋሮ ደሴቶች ተወለደ። ሬይካቪክ ተምሮ ኮፐንሃገን ገባና በ1890 በሐኪምነት ተመረቀ። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ ልቡንና ጉበቱን የሚያደክም በሽታ ያዘው፤ እስከ ሞቱም አልለቀቀውም። የሚኖርበት ቤት ወደ ሰሜን የዞረ፣ ፀሐይ የማይገባው ነበር። ፀሐይ ሲሞቅ እንደሚሻለው ስላየ ምክንያቱን መፈለግ ጀመረ። እናቶቻችን ሕፃን ጠዋት ፀሐይ የሚያሞቁበትን እምነት እሱ በመሣሪያ ሊመረምረው ተነሣ።

ያኔ የቆዳ ቲቢ የብዙ ሰው ፊት ያበላሽ ነበር። ፊንሰን በ1895 የካርቦን አርክ መብራት ጨረርን በሌንስ ሰብስቦ፣ ሙቀቱን በውኃ አብርዶ፣ የመጀመሪያውን ሕመምተኛ አከመ። በማግስቱ ዓመት፣ አያቶቻችን ዓድዋ ላይ ድል ባደረጉበት በ1896፣ ኮፐንሃገን ውስጥ የብርሃን ሕክምና ተቋሙ ተከፈተ። ሕክምናው በየቀኑ ረጅም ሰዓት ይወስድ ነበር፤ ደሙ ሸሽቶ ጨረሩ ጠልቆ እንዲገባ ነርሷ ቆዳውን በመስታወት ተጭና ትይዛለች። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚታሰብ አልነበረም።

ዛሬ ግን ይታሰባል። አክስቴ ማይኮሲስ ፈንጎይደስ የሚባል፣ በዝግታ የሚሄድ የቆዳ ሊምፎማ አለባት። በሳምንት ሦስት ቀን በፒኮ መንገድ አውቶቡስ ሳንታ ሞኒካ ትመጣለች፤ ናሮውባንድ ዩቪቢ መብራት ፊት ጥቂት ደቂቃ ቆማ ትመለሳለች። የሥራ ሰዓቷ በመንገድ አለቀ። መብራቱን ቤት ማስገባት እንደሚቻል ሲነገራት ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ እፎይ አለ፣ ግማሹ ፈራ።

በ2024 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት 783 የሶራያሲስ ሕመምተኞችን አወዳድሮ፣ ቤት የታከሙት ክሊኒክ ከታከሙት እንደማያንሱ አሳይቷል። ሶራያሲስ ግን ካንሰር አይደለም። በሊምፎማ ጊዜ አዲስ እብጠት ወይም ቁስል መውጣቱን የሚያይ የሐኪም ዓይን ያስፈልጋል፤ መጠኑ ሲበዛ ቆዳ ይቃጠላል፣ ሲዘለል ሕክምናው ይደክማል።

ፊንሰን በ1903 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ በጠና ታሞ ነበር። ያኔም የሚበላውን ጨው ራሱ እየለካ፣ በሰውነቱ ውስጥ ስለሚጠራቀመው ጨው ጽፎ አሳተመ። በ1904 በ43 ዓመቱ ዐረፈ።

ከሕይወቱ የተማርኩት ይህን ነው፦ ቤት ወይስ ክሊኒክ ከማለት በፊት መጠኑን ማን ይወስናል፣ እያንዳንዱን ቀን ማን ይመዘግባል፣ ቆዳውን በየስንት ጊዜው ማን ያያል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ለሦስቱም መልስ ካለ ቤትም ክሊኒክ ይሆናል። መልስ ከሌለ ግን አውቶቡሱን መሳፈር ይሻላል።