የወደቡ ደምና የአባ ሰላማ ሢመት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሐምሌ 26 ቀን መታሰቢያውን የምናከብርለት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን መጀመሪያ ወደ ሀገራችን ሲመጣ ማንም ልኮት አልነበረም። ያመጣው የሰው ግፍ ነው። ይህን የታሪኩን ክፍል ብዙ ጊዜ ፈጥነን ስለምናልፈው ዛሬ ጥቂት ልንቆይበት ወደድን።

ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ሩቅ ሀገር ለማየት ሲወጣ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን አስከትሎ ነበር፤ ኤዴስዮስ በእኛ ትውፊት ሲድራኮስ የሚባለው ነው። ሁለቱም ገና ብላቴኖች ነበሩ። ሲመለሱ መርከባቸው ውኃና ስንቅ ለመያዝ በአንድ ወደብ ቆመች። በዚያ ወራት ከሮማውያን ጋር የነበረው ውል ፈርሶ ስለ ነበር የአካባቢው ሰዎች በመርከቧ የነበሩትን ሁሉ ገደሉ። ብላቴኖቹ ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ፤ ራሩላቸውና ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። የታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ ይህን የሰማው ከኤዴስዮስ ከራሱ ነው።

ገዳዮቹ ሮማውያንን የተበቀሉ መሰላቸው እንጂ ለአክሱም ጳጳስ እንዳመጡ አላወቁም። ይህን ስንል ግን ግድያውን መልካም ማድረጋችን አይደለም። የፈሰሰው ንጹሕ ደም ነው፤ ሜሮጵዮስም ከሞቱ የሚበቅለውን ፍሬ ሳያይ ሞተ። እግዚአብሔር ገዳዮቹን አላዘዘም፤ ክፋታቸው ግን መግቦቱን ሊዘጋበት አልቻለም። የዮሴፍን ታሪክ ስንሰብክም የሸጡትን ወንድሞቹን ወደ ማመስገን እንዳናዘነብል እንጠንቀቅ።

በቤተ መንግሥት ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ መዝገብ ጠባቂ ሆኑ። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ በአስተዳደሩ እንዲረዷት ለመነቻቸው። ፍሬምናጦስ ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገ የጸሎት ቤት እንዲሠሩ አበረታታ። በኋላ ሲሰናበቱ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ሄደ፤ ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ወርዶ ጳጳስ እንዲላክ ቅዱስ አትናቴዎስን ጠየቀ። አትናቴዎስም ጠያቂውን ራሱን ሾመው።

ሁለተኛው ክፋት ከንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት መጣ። የአርዮሳውያን ደጋፊ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ቈስጠንጢዮስ አትናቴዎስን ከመንበሩ ካሳደደ በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ356 ዓ.ም. ገደማ፣ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ። ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአትናቴዎስ ምትክ በተቀመጠው በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር አሳሰበ። ኢትዮጵያ ግን በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸናች።

አትናቴዎስ ያንን ደብዳቤ ለንጉሡ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ገልብጦ አኖረው። ስለዚህ ፍሬምናጦስን ከመንበሩ ለማንሣት የተጻፈው ቃል፣ በኢዛና ዘመን በአክሱም ጳጳስ እንደ ነበረና የሾመውም አትናቴዎስ እንደ ሆነ የሚመሰክር፣ በዚያው ዘመን የተጻፈ ማስረጃ ሆኖ እጃችን ገባ። ታሪካችንን ለሚጠራጠር ሰው ዛሬ የምናሳየው የአሳዳጁን ደብዳቤ ነው።

የአባታችን የአባ ሰላማ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።