የዊንቸስተሯ ልጅ፣ ፓትሲ ክላይን

በአሜሪካ የካንትሪ ፍቅር ዘፈን ሲነሳ ፓትሲ ክላይን ትነሳለች። እ.ኤ.አ. በ1932 በቨርጂኒያዋ ዊንቸስተር ተወለደች። አባቷ ቤቱን ጥሎ ሲሄድ ትምህርቷን አቋርጣ በመድኃኒት መደብር ለስላሳ መጠጥ እየቀዳች ቤተሰቧን ረዳች። የመድረክ ልብሶቿን የሰፉላት እናቷ ሂልዳ ናቸው፤ በስፌት መኪና የምንተዳደር አባላት ከዝናዋ ይልቅ ይህን እንወዳለን። በ1957 በቴሌቪዥን ውድድር አሸንፋ ታወቀች። ናሽቪል ሆና ለእነ ሎሬታ ሊንና ለሌሎች ጀማሪ ሴት ዘፋኞች ልብስና ገንዘብ አካፍላለች። የትውልድ ከተማዋ ትልልቅ ሰዎች ግን የድሃ ልጅ ናት ብለው ንቀዋት ኖሩ። በ1963፣ ገና በ30 ዓመቷ፣ በአውሮፕላን አደጋ ሁለት ትናንሽ ልጆች ትታ ሞተች። የተቀበረችው እዚያው ዊንቸስተር አጠገብ ነው፤ ለቀብሯ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ። በኬንት ጎዳና ከእናቷ ጋር የኖረችበት ቤትም ዛሬ ሙዚየም ሆኗል።