ክላይድ መክፋተር

ክላይድ መክፋተር (ኖቬምበር 15 ቀን 1932 – ጁን 13 ቀን 1972 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ ዘፋኝና «ድሪፍተርስ» የተባለው የድምፅ ቡድን መሥራች ነበር። የቤተ ክርስቲያን መዝሙር አዘማመርን ወደ ዓለማዊ ዘፈን ካሻገሩት መካከል አንዱ ሲሆን፣ ስልቱ በኋላ ሶል ለተባለው ሙዚቃ መንገድ ጠርጓል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በኖርዝ ካሮላይና ግዛት በደርሃም ከተማ ነው። አባቱ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ስለነበሩ መዘመር የጀመረው ገና በልጅነቱ ነው። ቤተሰቡ መጀመሪያ ወደ ኒው ጀርዚ፣ ቀጥሎም ወደ ኒው ዮርክ ተዛወረ። በዚያም በሃርለም ሰፈር ማውንት ሌባነን ሲንገርስ ከተባለ የመዝሙር ቡድን ጋር ይዘምር ነበር።

በ1950 ቢሊ ዋርድ «ዶሚኖስ» የተባለውን ቡድን ሲያቋቁም መክፋተርን መሪ ድምፃዊ አድርጎ ወሰደው። ያን ጊዜ ዱ-ዎፕ በሚባለው የአዘፋፈን ስልት አንዱ መሪ ሆኖ ሲያዜም ሌሎቹ በቃል አልባ ድምፆች ያጅቡታል፤ ወፍራም ድምፅ ያለው ደግሞ ከሥር ይደግፋል። የመክፋተር ድምፅ ቀጭንና ከፍ ያለ ነበር። አንዱን ፊደል በብዙ ዜማ እየሰበረ ይጎትተው ነበር፤ ይህም ከመዝሙር ቤት የመጣ ልማድ ነው። በ1952 የወጣው «ሃቭ መርሲ ቤቢ» ቅርጹ የመዝሙር፣ ግጥሙ የፍቅር ነው። ዋርድ ግን ጥብቅ አለቃ ነበር። አባላቱ በትንሹም በትልቁም ይቀጡ ስለነበር ደመወዛቸው ይሸራረፍ ነበር፤ መክፋተርም አንዳንድ ጊዜ የዋርድ ወንድም ተብሎ በሌላ ሰው ስም ይተዋወቅ ነበር። በ1953 ቡድኑን ለቀቀ፤ ቦታውንም ጃኪ ዊልሰን ተካ።

== ድሪፍተርስ ==

የአትላንቲክ ሙዚቃ አሳታሚ ኃላፊ አህመት ኤርተጉን ዶሚኖስን ሊሰማ ሄዶ መክፋተርን ስላጣው፣ ሃርለም ድረስ ፈልጎ እንዳገኘው ይነገራል። የራሱን ቡድን እንዲያቋቁም ሐሳብ አቀረበለት፤ ድሪፍተርስም በዚያው ዓመት ተወለደ። የመጀመሪያ ሸክላቸው «መኒ ሃኒ» በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ። በ1954 የተቀዳው «ዋይት ክሪስማስ» ደግሞ ለብዙ ትውልድ የደረሰ ነው፤ በ1990 የወጣውን «ሆም አሎን» ፊልም ያየ ሰው ሰምቶታል። መጀመሪያ የሚሰማው ወፍራም ድምፅ የቢል ፒንክኒ ነው፤ በኋላ የሚመጣው ቀጭኑ የመክፋተር ነው።

በዚያው ዓመት ለውትድርና ተጠራ። ያገለገለው በአገሩ ውስጥ ስለነበር በፈቃድ እየወጣ ይቀዳ ነበር። በ1955 ሲሰናበት ብቻውን ለመዝፈን ወሰነ፤ በድሪፍተርስ የነበረውንም ድርሻ ለሥራ አስኪያጁ ለጆርጅ ትሬድዌል ሸጠ። ለእሱ ትንሽ ነገር ይመስል ነበር፤ ለባልደረቦቹ ግን ከባድ ጉዳት ሆነ። ከዚያ በኋላ ስሙ የትሬድዌል፣ ዘፋኞቹም ቅጥረኞች ሆኑ። በ1958 ትሬድዌል አባላቱን በሙሉ አሰናብቶ፣ ቤን ኢ. ኪንግ የነበረበትን ሌላ ቡድን በዚያው ስም አስገባ። የብዙ ሰው ጆሮ የሚያውቀው ድሪፍተርስ ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች በአንድ አልበም የተሰበሰቡት በ1956 ሲሆን፣ መሪ ድምፃዊው ቡድኑን ከለቀቀ በኋላ በእሱና በድሪፍተርስ ስም ታትሟል። ቀደም ሲል በነጠላ ሸክላ የወጡትን ስለያዘ፣ የዚያን ዘመን ድምፅ ማወቅ ለሚፈልግ ጥሩ መነሻ ነው።

== ብቻውን ==

«ኤ ላቨርስ ኩዌስቸን» በ1958 ትልቁ ስኬቱ ሆነ፤ «ላቨር ፕሊዝ» ደግሞ በ1962 ተከተለ። ከዚያ ገበያው ቀዘቀዘ፤ መጠጥም አሸነፈው። በ1968 ወደ እንግሊዝ ሄዶ በ1970 ተመለሰ፤ ሆኖም የቀድሞ ቦታውን አላገኘም። በ39 ዓመቱ ዐረፈ።

በ1987 በሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ በግሉ ተመዘገበ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከድሪፍተርስ አባላት ጋር። ሁለት ጊዜ ለመመዝገብ የመጀመሪያው ነበር። በ1993 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ምስሉ ያለበት ቴምብር አወጣ።